አራት ገጽ ወረቀትና 25 ኩንታል ኖራ፦ የጥናት ተቋማት የፖሊሲ ብሪፍ ከጅማ ሲመዘን

በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ከሚከመረው ወረቀት አንዱ ዓይነት በመልኩ ይለያል። ወፍራም ወረቀት ላይ በቀለም የታተመ፣ የአጥኚው ተቋም አርማ፣ አንድ ካርታና ሁለት ሦስት ግራፍ ያለበት፣ ከ2 እስከ 4 ገጽ የሚሆን ሰነድ ነው። ፖሊሲ ብሪፍ ይሉታል፤ «የፖሊሲ ምክረ ሐሳብ» ብለው የሚያወጡትም አሉ። ሁለት ሦስት ዓመት የፈጀ ጥናት ተጨምቆ፣ ጊዜ ያጠረው ውሳኔ ሰጪ በአንድ ቁጭታ እንዲጨርሰው የሚዘጋጅ ነው። ጅማ ዞን ውስጥ ስለ ቡና፣ ስለ አፈር፣ ስለ ወባ፣ ስለ ደን የሚጠና አይጠፋምና ሰነዱም አይጠፋም።

እዚህ የሚመዘነው ሰነዱና አብሮት የሚመጣው አገልግሎት ነው፤ ጥናቱ፣ ወረቀቱና ማስተዋወቂያ ስብሰባው። መለኪያው አንድ ነው። ሰነዱን ያነበበ ሰው ከዚያው ተነስቶ «ይህን ያህል ኩንታል፣ በዚህን ያህል ብር፣ እስከዚህ ቀን» ብሎ ዕቅዱ ላይ መጻፍ ይችላል? ወይስ ሌላ ባለሙያ ፍለጋ ይወጣል?

አቅራቢዎቹ ብዙ ናቸው። ለጅማ ቅርቡ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1952 የተከፈተው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተከፈተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1999 ተዋህደው የተመሠረተ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተማሪን ማኅበረሰቡ መካከል አውጥቶ ማስተማርን መለያው ያደረገ ተቋም ነው። ከ2005 ጀምሮ በግልገል ጊቤ አካባቢ ያለውን ሕዝብ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት እየመዘገበ የሚከታተል የመስክ ምርምር ማዕከልም አለው። ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ደግሞ በ1967 የተቋቋመው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ የአገሪቱ የቡና ምርምር ዋና ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ በ1991 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር፣ በ1998 የተመሠረተው የማኅበራዊ ጥናት መድረክ፣ የቀድሞውን የልማት ምርምር ኢንስቲትዩት የጠቀለለው የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት፣ እንዲሁም ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ኢፍፕሪ አሉ።

የአዲስ አበባዎቹ በአገር አቀፍ ቁጥር ይበረታሉ፤ ወደ ወረዳ ሲወርዱ ይሳሳሉ። የአካባቢዎቹ አፈሩንና ሰዉን ያውቃሉ፤ ዋጋና በጀት ላይ ሲደርሱ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። ይህን ልዩነት መጀመሪያ ማወቅ ይጠቅማል፤ ከሁለቱም ሁሉንም መጠበቅ ያሳስታልና።

ከጅማ ከወጡት የፖሊሲ ሥራዎች ሁሉ የላቀው የትኛው ነው ለሚል ሰው መልሱ የቡና ዘር ነው። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ በ1971 ታየ። በሽታው ገና ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ አጥቁሮና አጎድጉዶ ያረግፈዋል፤ ስለዚህ ገበሬው የሚያጣው ምርቱን ራሱን ነው። በየወቅቱ እየደጋገሙ መድኃኒት መርጨት ደግሞ ጓሮው ውስጥ ጥቂት ቡና ያለው ሰው የሚችለው ወጪ አይደለም። ተመራማሪዎቹ በደቡብ ምዕራብ ደኖችና ማሳዎች ውስጥ ጎረቤታቸው ሲመታ ያልተነኩትን ዛፎች እየለዩ ዘራቸውን ሰበሰቡ፤ ችግኙን ሆን ብለው በሽታውን እያስያዙ ፈተኑ፤ የተቋቋመውን አባዙ። 741፣ 74110፣ 74112፣ 74148፣ 74158 የሚባሉት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው። ከፊት ያለው 74 ዛፉ የተመረጠበትን 1974ን ያመለክታል፤ የሚከተለው የዛፉ መለያ ቁጥር ነው። ዛሬ ውጭ አገር የሚሸጥ የቡና ከረጢት ላይ ሳይቀር 74110 እና 74112 ተጽፎ ይገኛል።

ይህ ሥራ ለምን ሠራ? ጥያቄው ገና ሲነሳ የውሳኔ ጥያቄ ስለነበረ ነው። «አርሶ አደሩ ስለ በሽታው ያለው አመለካከት ምን ይመስላል?» ተብሎ ቢጀመር ኖሮ መልሱ ጥሩ ጽሑፍ ይወጣው ነበር እንጂ ዘር አይወጣውም። የተጠየቀው የትኛው ዛፍ ይባዛ የሚል ነበር። መልሱም በኪሎ የሚታዘዝ፣ በችግኝ ጣቢያ የሚፈላ፣ በጉድጓድ የሚቆጠር ሆነ። ጉድለቱም መነገር አለበት። በደቡብ ምዕራብ የተመረጠው ዘር በሌላ አካባቢ እንደ ጅማው ሊስማማ አልቻለም፤ ጣዕሙም የየአካባቢውን ቡና መለያ አይተካም። ለዚህ ነው ኋላ ለየአካባቢው ከራሱ ነባር ቡና የሚመረጥበት ፕሮግራም የተጀመረው። ስለዚህ አንድ ብሪፍ «ምክሬ እስከዚህ ድረስ ይሠራል፤ ከዚህ ወዲያ አልተሞከረም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከሌለው ገና አላለቀም።

አሁን ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የሚገኘውን ዓይነት በቅርብ እንየው። ርዕሱ የአፈር አሲዳማነት ይሁን፤ ለጅማ ከዚህ የቀረበ ጉዳይ የለም። ዝናቡ ብዙ ስለሆነ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስደዋል። ቀዩ አፈር ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ ይጨምራል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይፈታና ሥሩን ያቀጭጨዋል፤ ማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ፎስፈረስም ይዞ ያስቀረዋል። ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ በቆሎው ወይንጠጅ ቀለም ይዞ ቆሞ ይቀራል። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል፤ መድኃኒቱ የግብርና ኖራ እንደሆነም ይታወቃል።

የተለመደው ብሪፍ ይህን በሁለት ገጽ በደንብ ያስረዳል። ካርታው ቀይና ብርቱካንማ ነው፤ ግራፉ ኖራ የገባበትና ያልገባበት ማሳ ምርት ጎን ለጎን ያሳያል። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ «የኖራ አጠቃቀም ይስፋፋ፤ የግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጥ፤ ባለድርሻ አካላት ይቀናጁ» ብሎ ያበቃል። እዚህ ላይ ነው ዕቃው የሚሰበረው። ኃላፊው ኖራ እንደሚያስፈልግ ድሮም ያውቃል። የሚቸግረው ስንት እንደሆነና በምን እንደሚመጣ ነው።

ስሌቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። ላብራቶሪው «ኤክስቼንጀብል አሲዲቲ» ብሎ፣ ኖራው ሊያጠፋው የሚገባው አሲድ በአንድ ኪሎ አፈር ስንት ሴንቲሞል (የኬሚስቶች መለኪያ) እንደሆነ የሚሰጠው ቁጥር አለ። ይህን ቁጥር ኖራው በሚቀላቀልበት ጥልቀት (0.15 ሜትር)፣ በ10,000 ካሬ ሜትርና በአፈሩ እፍጋት ማባዛት፤ ከዚያ በ1,000 አባዝቶ ለ2,000 ማካፈል ነው። ቁጥሩ 2፣ እፍጋቱ በአንድ ሜትር ኩብ 1.1 ቶን ነው እንበል። 2 በ0.15፣ በ10,000፣ በ1.1 ሲባዛ 3,300 ይሆናል። በ1,000 ተባዝቶ ለ2,000 ሲካፈል 1,650 ኪሎ ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ለአንድ ሄክታር ያስፈልጋል። ማሳ ላይ እንደ ላብራቶሪ በደንብ ስለማይቀላቀል በ1.5 ማባዛት የተለመደ ነው፤ 2,475 ኪሎ፣ በጥቅሉ 25 ኩንታል። የቀረበው ኖራ አሲዱን የመግደል አቅሙ ከንጹሑ 80 በመቶ ብቻ ከሆነ 2,475ን ለ0.8 ማካፈል ነው፤ 31 ኩንታል ይደርሳል። አንድ የጥራት ቁጥር ሳይጻፍ በመቅረቱ ብቻ በሄክታር 6 ኩንታል ይጎድላል ማለት ነው። ገበሬው ያኔ «ኖራውን ሞክሬው አልሠራም» ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የጭነት ጉዳይ ነው። ለአንድ ሄክታር ከሁለት እስከ ሦስት ኩንታል ማዳበሪያ ማድረስ የለመደ ኅብረት ሥራ ማኅበር አሁን 25 ኩንታል አድርስ ተባለ፤ አሥር እጥፍ ገደማ። አንድ ቀበሌ ውስጥ 100 ሄክታር ቢታከም 2,500 ኩንታል ነው፤ 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ 50 ምልልስ። የትራንስፖርት ኪራዩ ከኖራው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ መጋዘኑም አይበቃም። ክረምት የነካው ኖራ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ ይጠጥርና ለመበተን አይመችም። ይህን የጻፈ ብሪፍ ሌላውንም አማራጭ ይጽፋል፤ ኖራውን ማሳው ላይ ሁሉ በመበተን ፈንታ ዘሩ በሚወድቅበት መስመር ላይ ብቻ በትንሽ መጠን መጨመር። ለሄክታር ከሙሉው ሩቡ ቢገባ ከ6 ኩንታል ብዙም አይበልጥም፤ ሰውም በአህያ ሊያጓጉዘው ይችላል። ኪሳራው በየጊዜው መደጋገሙ ነው፤ ሙሉው መጠን ግን አንዴ ከገባ ጥቂት ዓመት ይቆያል። ምርጫው የኃላፊው ነው፤ አጥኚው ሁለቱን በኩንታልና በብር ጎን ለጎን ማስቀመጥ አለበት። ይህን የሚያደርግ ሰነድ ቢገኝ በግማሽ ገጽም ቢሆን ይበቃል።

በማዳበሪያ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ለረጅም ዓመታት ምክሩ በየትም ቦታ 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር። ከ2012 ጀምሮ የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ሲጀመር የድኝና የሌሎች ንጥረ ነገሮች እጥረት ታየ፤ ዳፕ ድኝ ባለው ኤንፒኤስ በሚባል ማዳበሪያ ተተካ። ጥናት ፖሊሲን የለወጠበት ግልጽ ምሳሌ ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ዝርዝሩ ላይ ግን 100 ኪሎ ዳፕ 46 ኪሎ የፎስፈረስ ኦክሳይድ ይዟል፤ 100 ኪሎ ኤንፒኤስ 38። ከረጢቱ ተቀይሮ «መቶ ኪሎ» የሚለው ቃል ካልተቀየረ ገበሬው 8 ኪሎ ጎደለበት፤ ያንኑ 46 ለማግኘት 121 ኪሎ ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ከገባውም አብዛኛው ታስሮ ይቀራል። የማዳበሪያ ብሪፍና የኖራ ብሪፍ በሁለት ተቋም፣ በሁለት ዓመት፣ ሳይተያዩ ሲወጡ የሚጎዳው ማሳው ነው።

ስለ ጊዜ ደግሞ ጠንከር ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ጥሩ ጥናት ከንቱ የሚቀርበት ዋናው ምክንያት ይህ ነውና። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። የወረዳው ዕቅድ የሚቋጠረው ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ነው። በጅማ አካባቢ በቆሎ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይዘራል፤ ኖራ ቢያንስ ከወር በፊት መግባት አለበት፤ ስለዚህ መጋቢት ላይ ማሳ ዳር መድረስ ይኖርበታል። ለዚያ ጨረታው መስከረምና ጥቅምት ላይ ማለቅ አለበት፤ ከኅዳር እስከ ጥር መኪናው ሁሉ ቡና ላይ ነውና ጭነቱ ከቡናው ጋር ይሻማል፤ ኪራዩም ይወደዳል። ገንዘቡ ሐምሌ ላይ እንዲገኝ ጥያቄው የካቲት ላይ መግባት ነበረበት። በአጭሩ በዘንድሮ ሚያዝያ ለሚዘራ በቆሎ ብሪፉ መድረስ የነበረበት አምና ጥር ላይ ነው፤ 15 ወር ቀድሞ።

ብሪፍ ግን የሚታተመው አብዛኛውን ጊዜ የጥናቱ ፕሮጀክት ሊዘጋ ሲል ነው፤ የቀረ ገንዘብ ሲኖርና ሪፖርት ሲጠየቅ። ሰኔ ላይ የሚደርስ ሰነድ በጀቱ የተዘጋበት ነው። ኃላፊው ወደ መደርደሪያ ያስገባዋል፤ በሚቀጥለው ጥር የሚያስታውሰው የለም፤ ብዙ ጊዜም ኃላፊው ራሱ ተቀይሯል። መፍትሔው ቀላል ነው። የመጨረሻው ጽሑፍ ባይደርስም የመጀመሪያውን ውጤት በሁለት ገጽ ጥር ላይ ማድረስ፤ ማስተካከያ ካለ ኋላ መላክ። አጥኚዎች ያልተጣራ ውጤት ማውጣት ይፈራሉ፤ ተገቢ ፍርሃት ነው። ሆኖም «ይህ ቁጥር ሊሻሻል ይችላል» ተብሎ በጊዜው የደረሰ ግምት፣ በጀቱ ካለፈ በኋላ ከሚደርስ የጠራ ቁጥር የበለጠ ሥራ ይሠራል።

የበጀት ቋንቋም አለ። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ በበጀት ኮድ 6200 ሥር ካለው የሥራ ማስኬጃ ላይ ነው ነዳጁም (6217) አበሉም (6231) የሚወጣው። «የክትትልና ድጋፍ ሥራ ይጠናከር» የሚል ምክር በዚያ ቋንቋ ሲተረጎም ስንት ሊትር ነዳጅና ስንት የአበል ቀን ማለት ነው። የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ሰው ሰነዱን ሲያነብ የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ካጣው ሰነዱ ለእሱ አልተጻፈም ማለት ነው።

ወደ ቁጥሮቹ እንግባ። የብሪፍ ጤና የሚታወቀው ከጀርባው ካለው መረጃ ነው፤ ባለሙያ ያልሆነ ሰውም ሊፈትሸው የሚችል ጥቂት ነገር አለ።

መጀመሪያ 384ን ይፈልጉ። በጣም ብዙ ጥናቶች ውስጥ የናሙናው ብዛት 384 ነው፤ ምክንያቱም 95 በመቶ እርግጠኝነትና 5 በመቶ የስሕተት ክልል ሲወሰድ ቀመሩ የሚያወጣው ቁጥር እሱ ስለሆነ ነው። ቁጥሩ ራሱ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ቀመሩ የሚሠራው ሰዎቹ ከመላው ዝርዝር አንድ በአንድ በዕጣ ሲወጡ ነው፤ መስክ ላይ ግን ቀበሌ ይመረጥና ከቀበሌው ውስጥ ቤተሰብ ይመረጣል። የአንድ ቀበሌ ሰዎች አፈራቸውም፣ መንገዳቸውም፣ ገበያቸውም ስለሚመሳሰል እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው የሚጨምረው አዲስ ነገር ያነሰ ነው፤ ብዙ ጊዜ ናሙናውን በሁለት ማባዛት ያስፈልጋል፣ 768። ከ384ቱ 20 በመቶ ሴት አባወራዎች ከሆኑ ደግሞ 77 ናቸው፤ የእነሱ ውጤት ወደ ላይም ወደ ታችም 11 ነጥብ ሊዋዥቅ ይችላል። «ሴት አባወራዎች 52 በመቶ፣ ወንዶች 46 በመቶ» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንዲህ ያለ ናሙና ላይ ምንም አልነገረንም፤ ፖሊሲም አይቆምበትም።

ቀጥሎ መለኪያውን ይጠይቁ። ጅማ ላይ ቡና በፈረሱላ ይነገራል፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። መጠይቁ በታብሌት ተሞልቶ «ኪሎ» የሚል ሳጥን ብቻ ካለው፣ መረጃ ሰብሳቢው የሰማውን 10 ፈረሱላ 10 ብሎ ሊያስገባ ይችላል፤ 170 መሆን የነበረበት። ከዚያ የባሰው ቡናው በምን መልክ እንደተነገረ አለመጠየቅ ነው። እሸት ነው፣ ጀንፈል (ከነሽፋኑ የደረቀ) ነው ወይስ የተቀሸረ (ሽፋኑ የወጣለት ንጹሕ ቡና)? አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 5 ወይም 6 ኪሎ እሸት፣ ወይም 2 ኪሎ ገደማ ጀንፈል ያስፈልጋል። ሦስቱ ተደባልቀው «አማካይ ምርት በሄክታር» ከተባለ ያ አማካይ የማንንም ማሳ አይመስልም። ጥሩ መጠይቅ መልኩንና መለኪያውን ለየብቻ ይጠይቅና ወደ ኪሎ የሚቀይረውን ሥራ ለኮምፒውተሩ ይተዋል። ወሩም እንደዚሁ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ቡና ሸጦ የመጣ ሰውና ነሐሴ ላይ ጎተራው የተራቆተ ሰው ስለ ገቢና ስለ ምግብ ሲጠየቁ አንድ መልስ አይሰጡም፤ ሰውየው አንድ ቢሆንም።

ሦስተኛው የቁጥሩ ስፋት ነው። የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ለክልል ደረጃ ነው የተዘጋጀው፤ የኦሮሚያን ቁጥር ወስዶ «በጅማ ዞን ይህን ያህል ሕፃናት ቀንጭረዋል» ማለት አይቻልም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የግብርና ናሙና ጥናት ደግሞ ዞን ድረስ ይወርዳል፤ ወረዳ ድረስ አይወርድም። ጎማና ዴዶ በአንድ ዞን ውስጥ ሆነው አንዱ ቡናው የሚታወቅ፣ አንዱ ደጋው የሚሰፋ ነው፤ የዞኑ አማካይ ሁለቱንም አይነግርም። ብሪፉ የክልል ቁጥር ለወረዳ ሲያለብስ ካዩ ምክሩንም በዚያው ልክ ይጠርጥሩት። በተቃራኒው ያንኑ ሕዝብ ዓመት ከዓመት የሚከታተለው የግልገል ጊቤው ዓይነት መረጃ ለቦታው ውድ ነው፤ ለሌላ ወረዳ ሲጠቀሱበት ግን የት እንደተሰበሰበ መጻፍ ይገባል።

ጥናት ከተጠናበት ነገር አልፎ ሌላ ነገር ላይ ሲጫን ምን እንደሚሆን ጅማ በምርት ገበያው አይታዋለች። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ሲጀምር ከጀርባው ለዓመታት የተሠራ የእህል ገበያ ጥናት ነበር፤ መሥራቿ ዶክተር እሌኒ ገብረመድህንም በኢፍፕሪ የሠሩ ኢኮኖሚስት ናቸው። ጥናቱ የለየው ችግር እውነተኛ ነበር። ነጋዴ የማያውቀውን ሰው አያምንም፤ ዋጋ አይታወቅም፤ ውል ይፈርሳል። ለበቆሎና ለስንዴ መፍትሔው ምርቱን በደረጃ መድቦ፣ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ መሸጥ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ቡና ወደ ገበያው ገባ። ክፍያው ፈጣንና አስተማማኝ ሆነ፤ ዋጋውም በግልጽ ታየ፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በቆሎ ላይ ጥቅም የሆነው «የማን እንደሆነ አይጠየቅ» ቡና ላይ ጉዳት ሆነ። መጋዘን የገባ ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ስለሚሸጥ ከየትኛው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ መለየት ቀረ፤ ልዩ ቡና የሚፈልግ ገዢ ግን የሚከፍለው ለዚያ ልዩነት ነው። ሕብረት ሥራ ዩኒየኖች በቀጥታ መላክ ስለተፈቀደላቸው መለያቸውን አቆዩ፤ ሌላው ለዓመታት ጠበቀ። በ2017 አሠራሩ ተሻሽሎ የቡናውን መነሻ የሚያስጠብቅ መንገድ ተከፈተ። ጥናቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰብሉ ሲቀየር መልሱ ተቀየረ፤ ያንን የሚጠይቅ አንድ ገጽ ተጨማሪ ጥናት አስቀድሞ ያስፈልግ ነበር።

በሌላ በኩል ከጅማ ራቅ ባሉ የምግብ እጥረት ያለባቸው ወረዳዎች በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጠናበት መንገድ ለአጥኚ ሁሉ አርአያ ነው። ከ2006 ጀምሮ እነዚያኑ ቤተሰቦች በየሁለት ዓመቱ እየተመለሱ ጠየቋቸው። ክፍያው በሙሉና በጊዜው ያልደረሳቸው ብዙም እንዳልተለወጡ፣ ከክፍያው ጋር የግብርና ድጋፍ ያገኙት ግን እንደተሻሉ ታየ። ግኝቱ «ፕሮግራሙ ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» አላለም፤ የትኛው ብሎን እንደላላ ነገረ። እንዲህ ያለ ክትትል ውድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ሊሠራ አይችልም። ትንሹ ነገር ግን ይቻላል፦ ኖራ የገባላቸውን 60 ማሳዎች በሦስተኛው ዓመት ተመልሶ መለካት።

ቋንቋው ላይ ውጤቱ ዝቅተኛ ነው። በጅማ ዞን ወረዳዎች ቢሮው የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከተማው ውስጥ አማርኛ የሚያነበው ብዙ ነው፤ ብሪፉ ግን በእንግሊዝኛ ይመጣል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሊያነበው ይችል ይሆናል፤ የቀበሌ ሊቀመንበሩና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሒሳብ ሹም ግን አያነቡትም፤ ኖራውን የሚቀበሉትና የሚያከፋፍሉት እነሱ ናቸው። አራት ገጽ ለመተርጎም ከጥናቱ ወጪ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አይጠይቅም። ሲተረጎም ደግሞ ቃሉ ብቻ ሳይሆን መለኪያውም ይተርጎም፤ ሄክታሩ በጥማድ፣ ቶኑ በኩንታል፣ ወሩ በእኛው አቆጣጠር። ትርጉሙን ለአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አስነብቦ «ከዚህ ተነስተህ ለአንድ ጥማድ ስንት ትላለህ?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም አርታኢ የተሻለ ፍተሻ ነው።

ማስተዋወቂያ ስብሰባው፣ ቫሊዴሽን ዎርክሾፕ የሚባለው፣ አቀራረቡ ቢቀየር ከወረቀቱ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል። የተለመደው መርሐ ግብር ንግግር፣ 40 ስላይድ፣ ሻይ፣ ግማሽ ሰዓት አስተያየት፣ ምሳ ነው። የሚጠሩት የግብርናና የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ናቸው፤ ኃላፊው ካልተመቸው ምክትሉን ወይም ባለሙያውን ይልካል፤ የተላከው ሰው የመወሰን ሥልጣን የለውም። የገንዘብና የግዥ ሰዎች አይጠሩም። ይህ ሲገለበጥ አቀራረቡ በ20 ደቂቃ ያልቃል፤ ቀሪው ጠዋት እያንዳንዱ ወረዳ በራሱ ጠረጴዛ የራሱን ቁጥር ይሞላል፦ ስንት ሄክታር፣ ስንት ኩንታል፣ ከየትኛው የበጀት ርዕስ፣ ማን ይረከባል። አጥኚዎቹ በየጠረጴዛው እየዞሩ ስሌቱን ያርማሉ። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ተፈርሞ አንድ ቅጂ ወደ ዞን ይሄዳል። እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ጥናቱ የተሳሳተበት ቦታም ወዲያው ይታያል፤ መንገዱ ከየት ወዲያ እንደማያስገባ አጥኚው ከካርታ አያገኘውም፤ የወረዳው ሰው ግን ያውቀዋል።

እንግዲህ ነጥብ ይሰጥ ከተባለ፣ ችግሩን በማስረዳት ከ5 አራት፣ በመረጃ ጥራት ሦስት፣ በስሌትና በወጪ አንድ ተኩል፣ በጊዜ አንድ፣ በቋንቋ አንድ። ዝቅተኞቹ ሦስቱ ተጨማሪ ምርምር የማይጠይቁ መሆናቸው ያሳዝናል፤ ተስፋም ይሰጣል። ጥናቱን የሚያሠራ መሥሪያ ቤት እነዚህን በቢጋሩ (ሥራው በሚታዘዝበት ዝርዝር ሰነድ) ውስጥ ማስገባት ይችላል። ለምሳሌ የመጨረሻው ክፍያ 20 በመቶ የሚለቀቀው ሁለት ገጽ የመጀመሪያ ውጤት እስከ ጥር 30 ሲገባ፤ የብዛትና የወጪ ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ወረዳ ሲያያዝ፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተዘጋጀው ቅጂ በሁለት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ተነብቦ ሲፈረምበት ነው ማለት። የጥሬ መረጃው ቅጂና መጠይቁ አብረው ይረከቡ፤ ስም ወጥቶለት። አጥኚው ቡድን ከተበተነ በኋላ ጥያቄ የሚመልስ ሰው ማን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚመልስ ይጻፍ፤ ቢያንስ እስከ ቀጣዩ ዘር ወቅት ድረስ፣ ማለትም ኖራው ማሳ ላይ ወርዶ የመጀመሪያው በቆሎ እስኪበቅል።